ዛማ ዛማ ማለት ሌባ ማለት ነው? የአንድ ክር ወሬ

ክር የምለው ኢንተርኔት ላይ በአንድ ጥያቄ ሥር የሚደረደረውን የመልስ ሰንሰለት ነው። ክሩን የከፈተው ልጅ ሱቁ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ፣ ካርልተንቪል አጠገብ ባለ ሎኬሽን ውስጥ ነው። ሎኬሽን የሚሉት በአፓርታይድ ዘመን ለጥቁሮች ተብሎ የተከለለውን ሰፈር ነው። ደቡብ አፍሪካ ያሉ የእኛ ልጆች ሌላ ስም አይሰጡትም። አካባቢው የወርቅ አገር ነው። እዚያው የሚገኘው ምፖኔንግ ከዓለም ጥልቅ ማዕድን ማውጫዎች አንዱ ነው፤ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ታች ይወርዳል።

ጥያቄው አጭር ነበር። አመሻሽ ላይ እየመጡ ዳቦ፣ የቆርቆሮ ዓሣና ባትሪ ድንጋይ በጅምላ የሚገዙ ደንበኞች አሉት። የተዘጉ የወርቅ ጉድጓዶች ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚቆፍሩ ናቸው፤ ሰፈሩ ዛማ ዛማ ይላቸዋል። እሱ ግን ቃሉ በዙሉኛ ሌባ ማለት እንደሆነ ከሰው ሰምቷል። ስለዚህ ፊት ለፊት ደፍሮ አይጠራቸውም። አንድ ቀን አክብሮት ይሆናል ብሎ አንዱን በእንግሊዝኛ ማይነር፣ ማዕድን ቆፋሪ፣ ቢለው ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ፤ ዛማ እንጂ ማይነር እንዳልሆነም ነገረው። ልጁ ግራ ገባው። ዛማ ዛማ ስድብ ነው ወይስ የሥራ ስም? ሁለቱም መሬት ውስጥ ገብተው ወርቅ የሚያወጡ ከሆነ፣ ማይነርና ዛማ በምንድን ነው የሚለያዩት?

ይህ የሆነው በኖቬምበር 2024 መጀመሪያ ነው። ሌላ ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ክሩ ከዚያ በኋላ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀጠለ። አንዳንዱ መልስ ተሰርዟል፣ አንዳንዱ ደግሞ ባይጻፍ ይሻል ነበር። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ በቁጥራቸው እየጠራሁ ልተርክላችሁ።

መልስ 1 የጠያቂውን ጥርጣሬ አጸደቀ። ሌቦች ናቸው፣ መሣሪያ ይይዛሉ፣ ጓደኛውን ዘርፈውታል። ስለ ቃሉ ምንም አላለም። መልስ 2 ክሩን እንደሚከታተል ብቻ አስታወቀ። እንዲህ ዓይነት ሰው በየክሩ አይጠፋም፤ ምን እንደሚከታተል ግን አይታወቅም።

ነገሩን ያቃናው መልስ 3 ነው። ደርባን ብዙ ዘመን የኖረ፣ ዙሉኛ አጥርቶ የሚናገር ሰው ይመስላል። ኡኩዛማ ማለት መሞከር፣ መጣር ማለት መሆኑን ጻፈ። ሌብነት በቃሉ ውስጥ የለም። ግሡ ሲደገም ደግሞ ትርጉሙ ይላላል። ሃምባ መሄድ ነው፤ ሃምባ ሃምባ ሲሆን ወዲያ ወዲህ ማለት ይሆናል። ዛማ ዛማም እንደዚሁ ነው፤ እዚህም እዚያም እየሞከሩ ዕድልን መፈተን። ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ቀላል ነው አለ፤ እኛም ሞከር ሞከር ማድረግ እንላለን። ቃሉ ከጉድጓድ ጋር ብቻ የተቆራኘ አይደለም፤ ኪሱ ባዶ ሆኖ ጎዳና ላይ ቸርችሮ የሚያድር ሰው ሁሉ በዚሁ ቃል ኑሮውን ሊገልጸው ይችላል። የተዘጉ የወርቅ ጉድጓዶች ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚገቡ ሰዎች ሲበዙ ግን ስሙ እነሱ ላይ ተለጠፈ። ጋዜጣውም ፖሊሱም ሲደጋግሙት የወንጀል ሽታ ያዘ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። መልስ 4 ግን ዛማ ከግዕዙ ዜማ የመጣ መሆኑን አብራራ። ሠራተኞቹ ሲቆፍሩ ስለሚያዜሙ ነው አለ። ስለ ቃል በተከፈተ በእያንዳንዱ የአማርኛ ክር ላይ ነገሩን ወደ ግዕዝ የሚጎትት አንድ ሰው አለ፤ ይኸው እዚህም አለ። መልስ 5 እየሳቀ ዘለፈው። ባንቱ ቋንቋና ሴማዊ ቋንቋ ዘመድ አለመሆናቸውን፣ ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ቃል እንደማይዋለድ ነገረው። ልክ ነበር፤ አነጋገሩ ግን ከልክ ያለፈ ነበር። መልስ 6 መልሶ መልስ 4 ነው። ተቀይሟል። ከቃሉ ይልቅ ስለ ስድነት ጻፈ።

መልስ 7 ሲመጣ ሁሉም ዝም አለ። ጸሐፊው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጆሃንስበርግ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጄፒ ጎዳና ገና የእኛ ሰው መንደር ሳይሆን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ክሩ በሙሉ ጋሼ እያለ ነው የጠራቸው። እሳቸው የያዙት የጥያቄውን ሁለተኛ ክፍል ነው። ማይነር የሚለው ቃል በዚያ አገር ተራ የሥራ ስም ሆኖ አያውቅም።

ወርቁ ዊትዋተርስራንድ፣ ባጭሩ ራንድ፣ በሚባለው የጆሃንስበርግ አካባቢ የተገኘው በ1886 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አሠርት ዓመታት የጉድጓድ ሥራ ለሁለት ተከፈለ። የ1911ዱ የማዕድን ሕግና በሥሩ የወጡት ደንቦች አንዳንድ ሥራዎችን የብቃት ወረቀት ላለው ብቻ ፈቀዱ። ወረቀቱን የሚያገኘው ነጭ ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲያከራክር የ1926ቱ ማሻሻያ የቀለም ገደቡን በሕግ አጸናው። ከወረቀቶቹ ሁሉ ዋነኛው ድማሚት የማፈንዳት ፈቃድ ነው። ያ ወረቀት ያለው ሰው ማይነር ይባላል። ድንጋዩን የሚቦረቡረው፣ አፈንድተው ሲጨርሱ የሚዝቀው፣ ጋሪውን የሚገፋው ጥቁር ሠራተኛ ግን ማይነር አይደለም። እሱ ቦይ ነው፤ በእንግሊዝኛ ልጅ ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት ሞልቶት፣ ልጅ ድሮ፣ ሽበት አብቅሎ ቦይ ነው። ከጓዶቹ ላይ የተሾመው ደግሞ ቦስ ቦይ ይባላል። ጋሼ እንደጻፉት፣ ብዙ ጊዜ ሥራውን በደንብ የሚያውቀው ቦስ ቦዩ ነበር፤ ማይነሩ ወረቀቱን ይዞ ይቆማል። ይህ የዘር ገደብ ከሕጉ የወጣው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የትናንት ነገር ነው።

ስለዚህ፣ አሉ ጋሼ፣ ደንበኛው የሳቀው በልጁ ላይ ላይሆን ይችላል። ምናልባት አባቱም አያቱም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሠርተዋል። ማይነር ያላቸው ግን የለም።

ሌላም ስም ጨመሩ። የከተማው ሰው እነዚህን የጉድጓድ ሠራተኞች አማጎዱካ ይላቸው ነበር። ወደ ቤት ተመላሾች ማለት ነው። ውላቸው ሲያልቅ ወደ ትውልድ ገጠራቸው ስለሚመለሱ ነው። ስሙ ንቀት አለበት፤ ከተሜነት የማይገባው ባላገር እንደማለት። ጋሼ እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገው አለፉ። ሆሳዕና ቤት ለመሥራት ጆሃንስበርግ የሚሠራ የእኛ ልጅስ ከአማጎዱካ በምን ይለያል?

ለመልስ 7 ብዙ ምስጋና ጎረፈ። በመጨረሻ ግን አንድ ነገር አክለው ነበር። ጥቁሮቹ በ1982 ብሔራዊ ማኅበራቸውን ሲያቋቁሙ ማይነር የሚለውን ትተው ማይንወርከር፣ የማዕድን ሠራተኛ፣ የሚለውን የመረጡት በዚሁ ምክንያት ነው የሚል። መልስ 8 ይህን አደነቀ። መልስ 9 አረመው፤ በጣም በትሕትና። የነጮቹም ማኅበር ስሙ የማይንወርከርስ ማኅበር ነበር። ዛሬ ሶሊዳሪቲ የሚባለው የሠራተኞች ማኅበር የዚያው ወራሽ ነው። እንዲያውም በ1922 ራንድ ላይ ያመጹት፣ መንግሥት በአውሮፕላን ጭምር የደበደባቸው ነጭ ሠራተኞች ጥያቄያቸው ጥቁር ቦታችንን እንዳይወስድ የሚል ነበር። ስለዚህ ማይንወርከር የሚለው ቃል ብቻውን የጥቁር ምርጫ አይደለም። ጋሼ እርማቱን በአንዲት መስመር ተቀበሉ፤ እሷ መልስ 10 ናት። እንዲህ ዓይነት ጨዋነት በክር ላይ ብርቅ ነው። እኔ መልስ 9ን ሳነብ ትልቅ ጠብ ጠብቄ ነበር።

መልስ 11 ከማላዊ ነው የመጣው። ማለቴ፣ ጸሐፊው አሁን ኬፕታውን ያለ ይመስለኛል፤ ግን በእግርና በጭነት መኪና ሲወርድ ዛሌካ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ቆይቷል። እዚያ አንድ ሽማግሌ ስለ ወጣትነታቸው ሲያወሩ ዌኔላ፣ ዌኔላ ይሉ ነበር። የሰው ስም መስሎት ነበር። ኋላ ሲያጣራ ለራንድ ጉድጓዶች ጥቁር ሠራተኛ የሚመለምለው ድርጅት የስሙ ፊደላት ሲነበቡ የሚሰጡት ድምፅ ነው። ማላዊም ሞዛምቢክም ውስጥ ቃሉ የራሱን ሕይወት ይዟል፤ ዌኔላ መሄድ ማለት ጉድጓድ ሥራ መሄድ ነው። በ1974 ማላዊያንን አሳፍሮ ወደ አገራቸው የሚመልስ የድርጅቱ አውሮፕላን ቦትስዋና ውስጥ ፍራንሲስታውን ላይ ተከስክሶ ከ70 በላይ ሰው አለቀ። ፕሬዚዳንት ባንዳ ምልመላውን አቆሙ። መልስ 11 ይህን ከጻፈ በኋላ ስለ ራሱ መንገድ መተረክ ጀመረ። ከሞያሌ ተነስቶ፣ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ። ረጅም ነው። ከርእሱ የወጣ ነው። ያለማቋረጥ አነበብኩት።

ከዚህ በኋላ ወሬው አገር ቤት ገባ። መልስ 12 ሻኪሶ ያደገ ነው። እኛ ጋ ወርቅ አጣቢ ወይም ወርቅ ቆፋሪ ይባላል አለ፤ ወንዝ ዳር በእንጨት ገበቴ አሸዋ የሚያጥበው አጣቢ፣ ጉድጓድ ገብቶ አፈር የሚያወጣው ቆፋሪ። በመንግሥት ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም ባህላዊ ማዕድን አምራች ይሆናሉ። በእኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ፣ ቁጥር 678፣ ለእነዚህ ሰዎች ፈቃድ የሚሰጥበትን መንገድ አስቀምጧል። የእሱ ክርክር ይህ ነው። እኛ ጋ በእጅ የሚቆፍር ሰው ሕጋዊ ስም አለው። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ የኩባንያ ሠራተኛ ነህ ወይ ወንጀለኛ፤ መሃል የለም። ስለዚህ መሃሉን የሚይዝ ቃል ሕዝቡ ራሱ ፈጠረ።

ጥሩ ነጥብ ነው፤ ትንሽ አጋንኖታል እንጂ። መልስ 13 ወዲያው አስታወሰው። ፈቃድ አለ ማለትና ፈቃድ ያለው ሰው ይቆፍራል ማለት ለየቅል ነው። ወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ፣ ኦፓል የሚያወጡት ልጆች ገደሉን በአግድም እየፈለፈሉ ይገባሉ። ዋሻው ሲናድ ሕጋዊ ስማቸው አያድናቸውም። መልስ 13 ስለ ኦፓሉ ቀለም ሌላ ሁለት አንቀጽ ጻፈ፤ እሱን ልዝለለው።

መልስ 14 ማዕድን የሚለው ቃል ራሱ ከማዕድ የመጣ ነው የሚል ግኝት ይዞ ብቅ አለ። የምድር ገበታ እንደማለት። ያምራል፤ ግን አይደለም። መልስ 15 ቃሉ ከዓረብኛው መዕዲን ጋር አንድ መሆኑን፣ የዚያ ሥር ደግሞ መቀመጥ፣ በአንድ ቦታ ጸንቶ መኖር የሚል ፍቺ እንዳለው አስረዳ። ነገሩ ተቀምጦ የሚገኝበት ቦታ እንደማለት። መልስ 4 እዚህ ላይ ተመልሶ መልስ 15ን የዓረብ ጠበቃ አለው። ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 16 ለእኔ የክሩ እንብርት ነው። እህታችን መቀሌ ያደገች ናት፤ አያቷ አርሆ ነበሩ። አርሆ ማለት ወደ አፋር ረባዳ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ጨው የሚያመጣ ነጋዴ ነው። ዳሎል አካባቢ ጨው እንዴት እንደሚወጣ ጻፈች። ከቋጥኙ ላይ ትልቁን ገበታ በእንጨት እየመነገለ የሚያነሳው አንድ ነው፤ ፎኮሎ ይባላል። ያንን ተቀብሎ በትንሽ መጥረቢያ እየጠረበ እኩል እኩል አሞሌ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ሃደሊ ይባላል። ጭኖ የሚሄደው አርሆ ነው። ማንም ሰው ፎኮሎውን አርሆ ብሎ አይጠራውም። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን ከማን ገንዘብ እንደሚቀበል ከስሙ ይታወቃል። አያቷ የጨው ሠራተኛ የሚል አንድ የጅምላ ስም ሲሰሙ ይበሳጩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዋን ወረወረች። ዛማ ዛማ የሚባለው ከእነዚህ የትኛው ነው?

መልስ 17 ይህንን ያዘ፤ ሩድፖርት አካባቢ የሚኖር ሰው ነው። ዝርዝሩ እጅግ ጥሩ ነው። ታች ወርዶ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚቆፍረው ዛማ ነው። በመሮና በመዶሻ፣ በግንባሩ ላይ መብራት አስሮ። ያወጣውን ድንጋይ ላይ ሆነው በድንጋይ የሚፈጩት ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ እነሱም ዛማ ይባላሉ። ፔንዱካ የሚሉት ነገር አለ፤ የብረት በርሜል ነው፣ ውስጡ የብረት ኳስ አለበት፣ በእጅ እየተሽከረከረ ድንጋዩን ያደቃል። ስሙ ራሱ መዞር ማለት ነው። ያንን የሚያዞረው ልጅ ዛማ ነው። ዱቄቱ በሜርኩሪ ይያዛል፣ ሜርኩሪው በእሳት ይነዳል፣ ጭሱን የሚተነፍሰው ሰው ዛማ ነው። ምግብና ባትሪ በገመድ የሚያወርደው ዛማ ነው። ታች ያለ ሰው አንዱን ዳቦ የሚገዛው ላይ ካለው ዋጋ በብዙ እጥፍ ነው፤ ዕዳው ከወርቁ ይቆረጣል። ዕዳ ያለበት ሰው መውጣት አይችልም። በጉድጓዱ አፍ ላይ ጠመንጃ ይዞ የሚጠብቅ አለ፤ እሱም ዛማ ይባላል። ወርቁን የሚገዛው፣ መኪና የሚነዳው፣ ጉድጓድ አይቶ የማያውቀው ሰው ግን በዚህ ስም አይጠራም።

በእኔ ግምት የጠያቂው ችግር መፍትሔ እዚህ ጋ ነበር። ቃሉ ስድብ የሚሆነው ትርጉሙ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ጠመንጃ የያዘውንና ጠመንጃ የተደገነበትን በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው። መልስ 1 ጓደኛውን የዘረፈው ዛማ ነው ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ዳቦ የሚገዛው ደንበኛም ዛማ ነኝ ሲል እውነቱን ነው።

ግን ክሩ እዚያ ላይ አልቆመም። በኖቬምበር አጋማሽ ስቲልፎንቴይን ከምትባለው የማዕድን ከተማ ዜና ደረሰ። ፖሊስ ከ2023 ዲሴምበር ጀምሮ ቫላ ኡምጎዲ የሚባል ዘመቻ ላይ ነበር፤ ጉድጓዱን ዝጋ ማለት ነው። በስቲልፎንቴይን ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ምግብና ውሃ ተዘጋ። ታች ያሉት ሰዎች ቁጥር በመቶዎች ነው። አንዲት ሚኒስትር በጭስ እናስወጣቸዋለን ብለው ተናገሩ፤ እርዳታም አንልክም፣ ወንጀለኛ አይታገዝም።

መልስ 18 አጨበጨበ። ወንጀለኛ ተርቦ ይውጣ፤ ለእነሱ ዳቦ የሚሸጥ የእኛ ሰው ካለም አብሮ ይታሰር። ይህ እንግዲህ ክሩን በከፈተው ልጅ ላይ ነው። መልስ 19 የክሩገርስዶርፑን የ2022 የአስገድዶ መድፈር ጉዳይ አነሳ፤ ሴቶች በጅምላ የተደፈሩበትን። መልስ 20 በዚያ ጉዳይ የተከሰሱት 14ቱ ሰዎች የመድፈር ክስ በዚያው ዓመት በማስረጃ እጦት መነሳቱን አስታወሰው። ወንጀሉ ተፈጽሟል፤ ማን እንደፈጸመው ግን አልታወቀም፤ ስሙ ግን በዛማ ላይ ቀረ። መልስ 19 ይህን ማስተባበያ ጥብቅና ብሎ ጠራው። እናትህ ብትሆን የሚል ነገር ተከተለ። ቀጣዮቹን ሁለት መልሶች አስተዳዳሪው ሰርዟቸዋል።

መልስ 23 ቁጣው ሌላ አቅጣጫ ነበረው። የዛሬው ፕሬዚዳንት ራማፎሳ የዚያ የ1982ቱ ማኅበር የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ መሆናቸውን ጻፈ። በ1987ቱ ታላቅ አድማ የጉድጓድ ሠራተኛን ያሰለፉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ የሳቸው ሚኒስትር ስለ ጭስ ያወራሉ። መልስ 24 ለዚህ ቀዝቃዛ መልስ ሰጠ፤ ያኔ የተሰለፈው የደመወዝ ሠራተኛ ነው፣ ይሄኛው ሰርቆ የሚሸጥ ነው፣ አታምታታ።

መልስ 25 ጋሼ ናቸው። ብዙም አልጻፉም። በ2008 ሜይ ስልሳ ሁለት ሰው የተገደለበትን፣ የውጭ ዜጋ ሱቅ የተዘረፈበትን ጊዜ አስታወሱ። ያኔ እኛ የተጠራነው ማክዌሬክዌሬ በሚለው ስም ነው። ቋንቋው የማይሰማ፣ የሚንተባተብ የውጭ ጥቁር እንደማለት። በዚያ ስም ውስጥ ነጋዴውም፣ ሌባውም፣ ተማሪውም፣ ጥገኝነት የጠየቀውም አንድ ላይ ነበሩ። ከዚህ በላይ አልሄዱም። መልስ 18 ጋሼን አክብሮ ዝም አለ፤ ሐሳቡን ግን የቀየረ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ነገሩን ለማቀዝቀዝ ይመስላል፣ ማይነር ሲባል ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ወጣት ቢትኮይን የሚያመርተውን ማሽን ነው የሚያስበው አለ። ማሽኑ በርካሽ መብራት ይሠራል፣ ኢትዮጵያም ለዚህ ተመራጭ ሆናለች። አራት መልስ በዚህ ሄደ። መብራት ለሕዝብ ሳይዳረስ የሚል ንትርክ፣ የአንዱ የአጎት ልጅ ገንዘብ መክሰር። መልስ 30 ጋና ተምሮ የመጣ ሰው ነው። እዚያ ያለፈቃድ የሚቆፍረው ጋላምሴ ይባላል፤ ሰብስባችሁ ሽጡ ከሚለው የእንግሊዝኛ አነጋገር አፍ ላይ ተፍገምግሞ የተሠራ ቃል ነው። ጥሩ ነበር፤ ግን ማንም አላነበበውም፤ ሁሉም ቢትኮይን ላይ ነበር።

መልስ 31 ፍሪስቴት፣ ዌልኮም ከተማ ያለች ነርስ ናት። ሕጋዊ ሆነው በኩባንያ ሲሠሩ ስለነበሩ ጡረተኞች ነው የጻፈችው። ሌሶቶ ተመልሰው የሚስሉ። ከድንጋዩ የሚነሳው የሲሊካ አቧራ ሳንባ ላይ ይቀመጣል፤ አይለቅም፣ አይድንም፣ ሳንባ ነቀርሳም ያስከትላል። በ2019 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ኩባንያዎቹን ቢያንስ 5 ቢሊዮን ራንድ ካሳ የመክፈል ግዴታ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ከ1965 ወዲህ የሠሩትን ይመለከታል። አንዳንዱ ሰው ግን ወረቀቱ ጠፍቶበታል፤ ስሙ በማኅደሩ ላይ በሌላ አጻጻፍ ተመዝግቧል፤ መመልመያው ላይ ነጩ ጸሐፊ እንደሰማው ነው የጻፈው። ካሳውን ለማግኘት እኔ ነኝ ብሎ ማስረዳት አለበት። ስለ ስም የተጀመረ ክር ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ነርሷ ራሷ ግንኙነቱን አላነሳችም፤ ስለ ሳል ብቻ ነው ያወራችው።

ከዚያ ክሩ ለሳምንታት ተኛ።

የቀሰቀሰው መልስ 32 ነው፤ ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ። ቁጥር ብቻ ይዞ መጣ። ፍርድ ቤት ካዘዘ በኋላ በስቲልፎንቴይን ቡፈልስፎንቴይን ጉድጓድ፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት፣ የብረት ሳጥን በክሬን እየወረደ በሦስት ቀን ውስጥ 246 ሰው በሕይወት፣ 78 አስከሬን ወጣ። መጀመሪያ ወደ ታች የወረዱት የነፍስ አድን ባለሙያዎች ሳይሆኑ ከአካባቢው ሕዝብ የተነሱ ፈቃደኞች ናቸው። ከተረፉት አብዛኞቹ የሞዛምቢክና የሌሶቶ ሰዎች ነበሩ። ድሮ ለራንድ ጉድጓዶች ሠራተኛ ይመለመልባቸው ከነበሩት አገሮች ማለት ነው፤ ይህን ያለው መልስ 11 ነው፣ ተመልሶ መጥቶ። የተረፉት ሲወጡ ፖሊስ ያዛቸው።

መልስ 34 በደቡብ አፍሪካ ባለቤት የሌላቸው የተዘጉ ማዕድን ማውጫዎች 6,000 ገደማ መሆናቸውን ጻፈ። አንድ ጉድጓድ በኮንክሪት ቢደፈን ሌላው ክፍት ነው። መልስ 18 አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ አለ። የሞቱት ያሳዝናሉ፣ ግን ማንም አስገድዶ አላስገባቸውም ሲል። መልስ 36 አስገድዶ የሚያስገባም አለ፣ የመልስ 17ን ጽሑፍ እንደገና አንብብ አለው። ከዚያ በላይ አልተጣሉም፤ ሁለቱም ደክሟቸዋል።

ክሩን የከፈተው ልጅ በመልስ 37 ተመለሰ። ስለ ቃሉ አመስግኖ፣ ደንበኞቹ ከዲሴምበር ወዲህ መቅረታቸውን ነገራቸው። ዛማ በሚለው ስም ግን አሁን እንደማይሳቀቅ ጻፈ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። ሕፃናት በምግብ መመረዝ ከሞቱ በኋላ ፕሬዚዳንቱ ስፓዛ የሚባሉት ትንንሽ የሰፈር ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን እንዲመዘገቡ አዘው ነበር፤ ቀነ ገደቡ እስከ ፌብሩዋሪ 28፣ 2025 ተራዝሞ ነበር። እሱ ጥገኝነት የጠየቀበት ወረቀት ብቻ ነው ያለው፤ ሱቁም የተከራየው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ይቀበለው ይሆን?

ስለ ዛማ ዛማ የጻፈ ሰው ከዚያ በኋላ የለም። መልስ 38 ቤቱ ለንግድ የተፈቀደ መሆኑን ከባለቤቱ በጽሑፍ እንዲቀበል መከረው። መልስ 39 ማመልከቻውን ሲያስገባ ማኅተም የተመታበት ቅጂ ሳይዝ ከቢሮው እንዳይወጣ አስጠነቀቀው። መልስ 1፣ ያ ሌቦች ናቸው ያለው ሰው፣ የራሱን ሱቅ በዚያው ሳምንት ማስመዝገቡን ጽፎ፣ ከፈለገ አብሮት ሊሄድ እንደሚችል ነገረው። ስልኩን በውስጥ መስመር ላከለት።